የቀትሩ ባንዲራ

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ሰዎች ዛሬም ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ሲገጣጠሙ፣ ማኪያቶው ባንኮኒው ላይ ሳይቀመጥ የሥነ ሥርዓት ኃላፊያቸው የአቶ ዘበነ ስም ይነሳል። አንዱ፣ አቶ ዘበነ በሠርጋቸው ቀን ለሙሽሪት ቀለበት ሲያጠልቁ የባንዲራ ፊሽካ ተነፍቶ ቀለበቱ ጣቷ አጋማሽ ላይ ቆሞ ቀረ ይላል። ሌላው፣ በአቶ ዘበነና በምኒልክ አደባባይ ሐውልት መካከል ያለው ልዩነት ፈረሱ ብቻ ነው ይላል። ይህኛው ከአንዱ ዓመት ተመራቂ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ ማን እንደፈጠረው አይታወቅም። የሚስቁት ግን ሁልጊዜ አዲስ እንደሰሙት ሆነው ነው።

ከቀልዶቹ አብዛኞቹ ውሸት ናቸው። አቶ ዘበነ ያገቡት የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ከመሆናቸው ብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ እንደማንኛውም የጂኦግራፊ አስተማሪ ይራመዱ ነበር። እውነቱ ከቀልዶቹ ይደርቃል፤ ለማመን ግን ከቀልዶቹ ይከብዳል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ዩኒት ሊደር፣ ማለትም የሥነ ሥርዓት ኃላፊ፣ ተደረጉ፤ የሚያረፍደውን፣ አጥር የሚዘለውን፣ ፀጉሩን የሚያጎፍረውን ተማሪ መቅጣት የእርሳቸው ድርሻ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከአደባባዩ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። የባንዲራው ዘንግ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጥግ ቆሟል፤ ከግቢው ይታያል፣ ከውጪ ግን ሕንፃው ስለሚከልለው አይታይም። ፊሽካው ግን ላይም ታችም ይሰማል።

በዚያ ዘመን ባንዲራ ጠዋት ሲሰቀል፣ ማታ ሲወርድ መንገደኛ ሁሉ ይቆማል። የመጀመሪያው ፊሽካ ያስቆማል፤ ሁለተኛው ይለቃል። በሁለቱ መካከል ባለመኪናውም፣ ባለዘንቢሏም ባሉበት ይደርቃሉ። ይህ የአገር ደንብ እንጂ አቶ ዘበነ የፈለሰፉት አይደለም። የእርሳቸው ድርሻ ዝርዝሩ ነበር። እጅ ከጭን ጋር ይጣበቃል። የተነሳ እግር ይወርዳል እንጂ አይራመድም። በእጅ የተያዘ ነገር፣ ደብተርም ሆነ የጓደኛ ክንድ፣ ይለቀቃል። ንግግር የለም፤ ማኘክ የለም። ይህን የጣሰ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። በዚህ ደንብ ያደጉ ሰዎች በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ፊሽካ በሰሙ ቁጥር እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ጭናቸው ይሄድ እንደነበር ይነገራል። ይህኛው ከእውነተኞቹ ቀልዶች አንዱ ነው።

አቶ ዘበነ ይህን ያህል የጠበቁበት ምክንያት ተማሪዎቹ እንዳሰቡት የአብዮት ፍቅር አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው ኃይለየሱስ የወንጌላውያን ሰባኪ ነበር። በስብሰባ ላይ ግራ እጄን አንስቼ መፈክር አላሰማም በማለቱ ታሰረ፤ ሲፈታ የሚያመልክበት ቤት ታሽጎ ጠበቀው። አቶ ዘበነ የዚያው ቤት ልጅ ናቸው። እጅ ማንሳቱ ይከብዳቸዋል፣ መፈክሩ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል፣ መዋሸትም አይወዱም። መታሰርን ደግሞ አይፈልጉም። በዚህ ሁሉ መካከል ሕሊናን የማይነካ፣ ቀበሌንም የሚያስደስት አንድ ነገር አገኙ። እርሱም ዝም ብሎ መቆም ነው። ያላቸውን ሁሉ ለእርሱ ሰጡ። ቀበሌው አብዮታዊ ዲሲፕሊናቸውን ሁለት ጊዜ በስብሰባ አመሰገነ፤ እርሳቸውም ምስጋናውን ቆመው ተቀበሉ።

ሌላው ደንባቸው የበሩ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ተማሪ መታወቂያውን አስረክቦ ይመለሳል፤ መታወቂያው የሚሰጠው ወላጅ ሲያመጣ ነው። «ያረፈደ ተማሪ፣ ተማሪ አይደለም» የሚል አባባል ነበራቸው፤ በየሰኞው ሰልፍ ላይ ይደግሙታል።

ደንቡ በሌላ ዘመን ከወላጅ ቁጣ የማያልፍ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና የሚልኩት ሰው ኮታ ተሰጥቷቸዋል፤ ፈቃደኛ ሲጠፋ ከመንገድ ይታፈሳል። በትምህርት ሰዓት መንገድ ላይ የተገኘ፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ የተማሪ መታወቂያ ካላሳየ ወደ ማሰልጠኛ በሚሄደው መኪና ላይ ይጫናል። አቶ ዘበነ በሩን ዘግተው መታወቂያ ሲሰበስቡ፣ ሳያስቡት የቀበሌውን ሥራ በግማሽ እያቃለሉለት ነበር።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው አንድ ግደይ የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ግደይ እሪ በከንቱ ከአክስቱ ከብርኽቲ ጋር ይኖራል። ጎህ ሳይቀድ ከዳቦ ቤት ዳቦ ተሸክሞ ለየሻይ ቤቱ ያደርሳል፤ ዳቦው ሲዘገይ እርሱም ይዘገያል። ማትሪክ ተፈትኖ ካለፈ ኮሌጅ ይገባል። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ከተያዘ ጦር ሜዳ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ በር ነው፤ በሩን የሚዘጉት ደግሞ አቶ ዘበነ ናቸው።

«አንተ፣ ከእሪ በከንቱ እዚህ ድረስ በባቡር ነው የምትመጣው?» ትለው ነበር አብራው የምትቀመጠው ዐፊፋ።

«ዳቦው ሳይበስል ቆየ።»

«አንድ ቀን አንተኑ ጋግረው ይልኩሃል። የት እንደሚልኩህ ደግሞ ታውቃለህ።»

ግደይ ያውቃል። ማታ ማታ በአክስቱ ቤት ስለሌላ ነገር አይወራም።

ዐፊፋ የወሎ ሰው የአቶ ዘይኑዲን ልጅ ናት። አባቷ ከጊዮርጊስ በታች መርፌ፣ ክር፣ መስታወት፣ ማበጠሪያና ፊሽካ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ትምህርት ቤቱ ፊሽካውን የገዛው ከዚያች ሱቅ ነው። ከዚያው ካርቶን ውስጥ አንዱ በዐፊፋ ሻሽ ሥር መኖሩን ያወቀ አልነበረም። አቶ ዘበነ ሴት ተማሪ አይፈትሹም፤ ነውር ነው። ሴት ልጅ ፊሽካ ትነፋለች ብለው ማሰብም ከነውሩ ብዙ የራቀ አልመሰላቸውም።

መጀመሪያ የነፋችው ሦስት ወንዶች ሲኒማ ለመግባት በኋላ አጥር ሲፎርፉ አቶ ዘበነ አንዱን በኮሌታው በያዙበት ጊዜ ነው። ፊሽካው ጮኸ። አቶ ዘበነ በደንባቸው መሠረት የያዙትን ለቀቁ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣበቁ። ልጆቹ ግን አልቆሙም። አቶ ዘበነ ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ በሁለት ጥፋት እንደሚቀጧቸው እያሰቡ ጠበቁ። ሁለተኛው ፊሽካ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው አስገዶም፣ የድሮ ወታደር፣ በዚያ ሲያልፍ አያቸው።

«ጌታዬ፣ አመመዎት?»

በሁለቱ ፊሽካዎች መካከል ንግግር ስለሌለ አልመለሱለትም። አስገዶም ወደ ዘንጉ አየ፤ ባንዲራው ጫፉ ላይ ነው። አለቃውን አየ። ነገሩ ባይገባውም ለማንኛውም ብሎ አጠገባቸው ተሰለፈ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ፊሽካ በማይገባው ሰዓት መነፋቱ፣ ሁለተኛውም መቅረቱ የትምህርት ቤቱ ዋና ጨዋታ ሆነ። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒያሳ መንገድ ዳር ተነፋ። አቶ ዘበነ ከአንድ ዳቦ ቤት ፊት ቆሙ። እርሳቸው ስለቆሙ ከኋላቸው የነበረችው ሽንኩርት የያዘች ሴት ቆመች፤ እርሷ ስለቆመች ሊስትሮው፣ ሊስትሮው ስለቆመ ጫማው የሚጠረገው የመቶ አለቃ ተነስቶ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ባንዲራ የሚወርድበት ሰዓት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀድሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን፣ በብዙ ሰው ፊት፣ ባንዲራ የለም ማለቱ ነው። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ አስተያየት ያለው ሰው ለራሱ ይይዘዋል። መንገዱን የለቀቀው አንድ ውይይት ታክሲ ነው። ፍሬኑ ከድቶት በቁልቁለቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ሾፌሩ ጮኸ፤ ሰውም ታክሲው ከተንቀሳቀሰ ተፈቅዷል ማለት ነው ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

አቶ ዘበነ ፊሽካውን ፍለጋ የወንዶቹን ኪስ፣ ካልሲ፣ የዴስኩን ሥር በረበሩ፤ አላገኙም። መልሱን ያገኙት በመቆም ነው። የቆመ ሰው ከማየት በቀር ሥራ የለውም። አንድ ቀን አቶ ዘበነ ግቢው ውስጥ ቆመው ሳሉ፣ ለእረፍት የወጡ ተማሪዎች ፎቅ በረንዳ ላይ ሲንጫጩ፣ ከመካከላቸው አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቀጥ ስትል አዩ። ፊሽካው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ፊሽካውን ሰምቶ ቆመ፤ እርሷ ቆማ ፊሽካው ተሰማ።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ አገኟት።

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ቲቸር።»

«ፊሽካ ይሸጣሉ አይደል?»

«መርፌም ይሸጣሉ፣ ክርም ይሸጣሉ።»

«አውቃለሁ። የትምህርት ቤቱን ከእሳቸው ነው የገዛሁት።»

«ጥሩ ፊሽካ ነው ቲቸር። አይዝግም።»

አቶ ዘበነ ጥቂት አይተዋት ሄዱ። ሊቀጧት አይችሉም። ዐፊፋን መቅጣት፣ ፊሽካዎቹ ሁሉ ሐሰት እንደነበሩ መመስከር ነው። ፊሽካዎቹ ሐሰት ከሆኑ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ለአንዲት የሱቅ ልጅ ሲቆሙ ከርመዋል፤ የመቶ አለቃውንም ያስቆሙት እርሳቸው ናቸው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ዐፊፋም አቶ ዘበነ እንደሚያውቁ ስላወቀች ከዚያ ቀን ጀምሮ በልኩ ትነፋ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ሰኞ ዕለት ግደይ አረፈደ፤ መታወቂያው ተወሰደበት። አክስቱ ብርኽቲ አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ከሐሙስ በፊት አትለቀቅም። ማክሰኞ ያለ መታወቂያ በጊዜ ደረሰና ገባ። ረቡዕ ዳቦው ዘገየ።

በሩ ላይ ሲደርስ አስገዶም እየቆለፈ ነበር። ግደይ በፍርግርጉ በኩል አቶ ዘበነን አያቸው።

«ቲቸር፣ ዛሬን ብቻ። ከላይ እያፈሱ ነው።»

«በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሁለት አልፏል። ግን መታወቂያዬ እርስዎ ጋ ነው ቲቸር፤ እዚህ መሳቢያዎ ውስጥ።»

«ወላጅ ሲመጣ ይሰጥሃል።»

ግደይ ወደ ሥላሴ አቅጣጫ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እስከ ቀትር መቀመጥ ይሻላል ብሎ ነበር። አቶ ዘበነ በዚያ ጠዋት ምን እንደተሰማቸው የነገሩት ሰው የለም። አስገዶም ግን በየጥቂቱ ወደ በሩ እየመጡ በፍርግርጉ መንገዱን ሲያዩ እንደዋሉ ተናግሯል፤ እንዲህ ያለ ልማድ አልነበራቸውም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ግደይን በመካከላቸው አድርገው በትምህርት ቤቱ በር በኩል መጡ። አንደኛው እጅጌውን ይዞታል። ሌላኛው፣ አለቃው፣ ጓድ ፈቀደ ይባላል፤ ከጥቂት ዓመት በፊት እዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ ማትሪክ የወደቀ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ቀበሌው ማለፍ ይችል ነበር። ጠመንጃ ይዞ በድሮ ትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ግን የቀድሞ ዩኒት ሊደሩን ሰላም ሳይል መሄድ አልሆነለትም።

«ጋሽ ዘበነ፣ እንደምን አሉ? አስታወሱኝ?»

«ፈቀደ። የኋላ አጥር።»

ፈቀደ ከልቡ ሳቀ፤ ወደ ጓደኛውም ዞረ። «አየህ፣ ስሜን ሳይሆን ጥፋቴን ነው የያዙት። አንድ ጊዜ ማስቲካ እያኘክሁ ባንዲራ ደርሶብኝ፣ ማስቲካውን አፍንጫዬ ላይ ለጥፈው ጠጠር ላይ አንበርክከውኛል። ጉልበቴ አሁንም ዝናብ ሊጥል ሲል ይነግረኛል።»

«ይህ ልጅ የእኛ ተማሪ ነው» አሉ አቶ ዘበነ።

«ነው እንዴ? መታወቂያ የለውም።»

«እኔ ዘንድ ነው። አሁን አመጣዋለሁ።»

«አይልፉ ጋሽ ዘበነ። ከተያዘ በኋላ የመጣ መታወቂያ አይሠራም፤ መመሪያ ነው። እሱስ ይሁን፤ ጠዋት በሩን የዘጋበት ማነው?»

አቶ ዘበነ በአስገዶም እጅ ያለውን ቁልፍ አዩ።

«ያረፈደ ተማሪ፣ ተማሪ አይደለም» አለ ፈቀደ፣ የአቶ ዘበነን ድምፅ እየቀዳ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። እኛ ተማሪ ያልሆነውን ነው የለቀምነው። ኮታችን አንድ ሰው ጎድሎት ነበር፤ መኪናውም ቆሞ ይጠብቃል።»

አባባሉ የራሳቸው ነው። ግደይ የሚያየው ፈቀደን ሳይሆን እርሳቸውን ነበር። አቶ ዘበነ ቁልፉን ከአስገዶም ተቀብለው በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ለምን እንደከፈቱት ራሳቸውም ያወቁ አይመስልም። በሩ በዚያ ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም።

ያኔ ፊሽካው ጮኸ።

ፈቀደ ሳያስብ ቀጥ አለ፤ እጁ ጭኑ ላይ ተጣበቀ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ስለነበረ አላስቸገረውም። ጓደኛው ሌላ ትምህርት ቤት የተማረ ቢሆንም አለቃው ሲቆም ቆመ፤ ግን የግደይን እጅጌ እንደያዘ ነበር። ፈቀደ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ልቀቅ፤ በባንዲራ ሰዓት ምንም አይያዝም» አለው። ጥበቃው ለቀቀ።

አቶ ዘበነ ከበሩ ውስጥ ቆመዋል። ካሉበት ዘንጉ ይታያቸዋል፤ ባንዲራው ከጫፉ አልተነቃነቀም። ፈቀደ ካለበት አይታየውም።

«ጋሽ ዘበነ፣ እየወረደ ነው?» አለ ፈቀደ በጥርሱ መካከል።

አቶ ዘበነ አልመለሱም። በሁለቱ ፊሽካዎች መካከል ንግግር የለም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡ ከመዋሸት አዳናቸው፤ ወይም ከመዋሸት ጋር አንድ ሆነላቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

ግደይ ተራመደ። በዚያ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰው እርሱ ብቻ ነበር። በሁለቱ ጥበቃዎች መካከል ወጥቶ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ በአቶ ዘበነ አጠገብ አልፎ ሄደ። ሊይዙት የሚችሉት ሰዎች እርሱን ለመያዝ እርሱ የሠራውን ጥፋት መሥራት ነበረባቸው። ግደይ ወደ ክፍሉ አልሄደም። የጥፋተኞች ቦታ ወደሆነው ጠጠር ሄዶ በገዛ ፈቃዱ ተንበረከከ።

ሁለተኛው ፊሽካ አልመጣም። ዐፊፋ ሁለተኛውን ነፍታ አታውቅም፤ እንዴት እንደምትጨርሰውም አላሰበችበትም። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው እየበዛ ሄደ። ፈቀደ በዐይኑ ወደ ሕንፃው ጥግ ማጮለቅ ጀመረ። ነገሩ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ግደይ አልቆለት ነበር፤ ያዳነው የአስገዶም ስህተት ነው።

አስገዶም በሩ አጠገብ ሆኖ ባንዲራውን ያያል። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ባንዲራው አይወርድም። ባንዲራ የማውረድ ሥራ የእርሱ ነው። ትእዛዝ አምልጦኛል ብሎ ደነገጠ። በወታደር እርምጃ ወደ ዘንጉ ሄደ፤ ባንዲራ አውራጅ እንዲንቀሳቀስ በደንቡ ተፈቅዷል። ገመዱን ፈታ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ባንዲራውን ቀስ አድርጎ አወረደ። አጣጥፎም ደረቱ ላይ ያዘ። የራሱን ፊሽካ አውጥቶ ሁለተኛውን ነፋ።

ፈቀደ ትንፋሹን ለቀቀና ወደ ግቢው ገባ። አስገዶምን ከነባንዲራው ፊት ለፊት አየው።

«ጋሽ ዘበነ፣ በቀትር ባንዲራ ይወርዳል እንዴ?»

«ወርዷል» አሉ አቶ ዘበነ። እውነት ነው።

«በእኛ ጊዜ አይወርድም ነበር።»

«በእናንተ ጊዜ አይወርድም ነበር።»

«ነገም ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

ፈቀደ ተንበርካኪውን በጣቱ አሳየ። «እሱን እንውሰደው እንግዲህ።»

«ልጁ ባንዲራ ሲወርድ ተራምዷል። አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«በትምህርት ቤት ግቢ ቅጣት ላይ ያለ ተማሪ ቅጣቱን ሳይጨርስ አይወጣም። አንተ ራስህ ታውቀዋለህ።»

«ቅጣቱ መቼ ያልቃል?»

«ማትሪክ ሲፈተን።»

ፈቀደ ጠጠሩን አየ፤ ጉልበቱን በእጁ ነካ አደረገ። ሊከራከር ይችል ነበር። ግን ባንዲራው ሐሰት ነው ካለ፣ ጓድ ፈቀደ በጠራራ ፀሐይ ለማን ቆሞ ኮታውን እንደለቀቀ ለሊቀመንበሩ ማስረዳት አለበት። «ነገ በዚህ ሰዓት አልፋለሁ» አለና ሄደ። ጓደኛው በመንገድ ላይ አንድ ነገር ሲጠይቀው፣ «ዝም በል፤ አንተ እዚህ አልተማርክም» ሲለው ተሰምቷል።

አቶ ዘበነ የማይዋሹ ሰው ስለነበሩ በማግስቱም ባንዲራው በቀትር ወርዶ እንደገና ተሰቀለ፤ ፈቀደ በሩ ላይ ቆሞ አየ። በሳምንቱ ቀበሌው ነገሩ በማን መመሪያ እንደተጀመረ ጠየቀ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ያስጠይቃል፤ በየቀኑ የሚሆን ነገር ግን ፕሮግራም ነው። አቶ ዘበነ «በየቀኑ ነው» ብለው መለሱ፤ ቀበሌውም ለሦስተኛ ጊዜ አመሰገናቸው።

ግደይ በሩ ከተዘጋ በኋላ መጥቶ ስለነበር መታወቂያው ያለ ወላጅ ሊመለስለት አልቻለም። ረቡዕ ሌሊቱን ያደረው አስገዶም ጎጆ ውስጥ ነው። ሐሙስ ብርኽቲ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ መጣች።

«ልጄን አሰሩት ወይስ አስተማሩት?» አለች።

«ትምህርት ቤት ነው እመቤቴ።»

«በሩ ይቆለፋል፣ ዘበኛ አለው፣ ሲነፋ ይቆማሉ፣ ሲነፋ ይሄዳሉ። ያንኛውም ማሰልጠኛ እንዲሁ ነው ይሉኛል።»

«እዚህ ሐሙስ ወላጅ ይገባል።»

ብርኽቲ የተቋጠረውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የዳቦ ሥራውን ትቷል። እኔ አንሶላ እጨምራለሁ። ከእንግዲህ የሚያረፍድበት ምክንያት የለውም፤ ካረፈደ ግን እንዳይዘጉበት።»

«እዘጋበታለሁ» አሉ አቶ ዘበነ። መታወቂያውን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት። ግደይ ከዚያ በኋላ አስገዶም በሩን ሳይከፍት በፊት ደርሶ ይጠብቅ ነበር፤ ማታም የሚወጣው የመጨረሻው ባንዲራ ከወረደ በኋላ፣ መታወቂያውን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው።

በዚያው ዕለት ዐፊፋ ቢሮ ተጠራች። አቶ ዘበነ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዐፊፋ ሻሿን አላላችና ፊሽካውን አስቀመጠችላቸው። አገላብጠው አይተው መለሱላት።

«በቀትር የምትነፊው አንቺ ነሽ። አስገዶም ገመዱን ይዞ ፊሽካ መንፋት አይመቸውም።»

«ቲቸር፣ ሴት ልጅ ፊሽካ ስትነፋ ነውር ነው ይላሉ አባቴ።»

«እስከ ዛሬ አልነገሩሽም ነበር?»

ዐፊፋ ፊሽካውን ወደ ሻሿ ሥር መለሰች።

«ሁለቱንም ትነፊያለሽ። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም።»

«ምሳዬስ ቲቸር? ምግቡ ይቀዘቅዝብኛል።»

«ከሁለተኛው በኋላ።»

ግደይ ማትሪክ አለፈ፤ ከወታደሩና ከመምህራኑ ማሰልጠኛ የደረሰው የመምህራኑ ሆነ። ዐፊፋ እስክትፈተን ድረስ ምሳዋን ቀዝቃዛ በላች። እነርሱ ከወጡ በኋላም የቀትሩ ባንዲራ አልቀረም። ለመተው ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያት ለማቅረብ ደግሞ ለምን እንደተጀመረ መናገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ምሳው እየቀዘቀዘ በፀሐይ ቆመ። ኬክ ቤቱ ውስጥ ስለዚህ ባንዲራ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ከሰሜን ጦር ግንባር የመጣ ትእዛዝ ነበር ይላል፤ አንዳንዱ የአቶ ዘበነ ሚስት ምሳ ስለምታዘገይ ነው ይላል።

አንድ ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደፍሮ ራሳቸውን ጠይቋቸዋል።

«ቲቸር፣ ባንዲራው በቀትር የሚወርደው ለምንድን ነው?»

«ተመልሶ እንዲሰቀል ነው» አሉት።

ልጁ ነገሩ ጥልቅ ስለመሰለው ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፈው።